ከውሃው የወጣው ጉብታ፦ የጥንታዊት ግብፅ ፈጣሪና የፀሐይ አማልክት

የአስዋን ታላቅ ግድብ ከመሠራቱ በፊት፣ በኢትዮጵያ ደጋ የሚጥለው የክረምት ዝናብ በዓባይና በተከዜ በኩል ወርዶ የግብፅን እርሻ በየዓመቱ ያጥለቀልቅ ነበር። ውሃው ሲጎድል መጀመሪያ ብቅ የሚሉት ደለል የለበሱ ጉብታዎች ነበሩ። የጥንት ግብፃውያን ስለ ዓለም አጀማመር የሚተርኩትም ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው። በመጀመሪያ ኑን የሚባል ዳርቻ የሌለው ጨለማ ውሃ ነበር፤ ከውስጡም አንድ ጉብታ ወጣ።

ይህን ትረካ ያስፋፉት የሄሊዮፖሊስ ካህናት ናቸው። የከተማዋ ፍርስራሽ ዛሬ በካይሮ፣ ማታሪያ በተባለው ሰፈር ይገኛል። በኦሪት ዘፍጥረት ዮሴፍ ያገባት አስናት የዚህችው ከተማ ካህን ልጅ ነበረች። ካህናቱ እንደሚያስተምሩት፣ በጉብታው ላይ የተገለጠው አቱም ማንም ያልፈጠረው፣ ራሱን በራሱ ያስገኘ አምላክ ነው። እርሱም የአየርን አምላክ ሹንና የእርጥበትን አምላክ ቴፍኑትን ከአፉ ተፍቶ አስገኘ። ከእነዚህ ጌብና ኑት ተወለዱ። ጌብ ምድር ነው፣ ወንድ፤ ኑት ደግሞ ሰማይ ናት፣ ሴት። ኦሲሪስና ኢሲስን ጨምሮ አራት ልጆች ወለዱና የአማልክቱ ቁጥር ዘጠኝ ሞላ።

አቱም የፀሐይም አምላክ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። ፀሐይ ስትወጣ ኼፕሪ ትባላለች፤ ምልክቱም ፋንድያ የሚያንከባልለው ጥንዚዛ ነው። የጥንዚዛው ግልገሎች ከድቡልቡሉ ውስጥ ሲወጡ ያዩ ሰዎች ከምንም የተገኙ መስሏቸው ነበር። እኩለ ቀን ላይ የጭልፊት ራስ ያለው ራ፣ ሲመሽ ደግሞ ያረጀው አቱም ይሆናል። ሌሊቱን በጀልባ ተሳፍሮ የሙታንን ዓለም አሥራ ሁለት ሰዓት ያቋርጣል። በመንገዱ አፔፕ የተባለ ግዙፍ እባብ ያደባበታል፤ ስለዚህ ካህናቱ እባቡ ድል እንዲሆን ሥርዓት ይፈጽሙ ነበር። ንጋት እንዲሁ የሚመጣ ነገር አልነበረም።

ከአራተኛው ሥርወ መንግሥት ጀምሮ ፈርዖኖች «የራ ልጅ» የሚል ማዕረግ ያዙ። ቀዳማዊ ሴኑስረት ለፀሐይ አምላክ ያቆመው ባለ 20 ሜትር ገደማ የግራናይት ሐውልት 4,000 ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል፤ ዛሬም ማታሪያ ላይ ቆሟል።

ሌሎች ከተሞች ሌላ ፈጣሪ ነበራቸው። በሜምፊስ ፕታሕ በልቡ አስቦ በምላሱ ተናግሮ ዓለምን ፈጠረ፤ አንድም ጭቃ ሳይነካ። ከትረካዎቹ ሁሉ ረቂቁ ይህ ይመስለኛል። የኩሽ ተወላጁ ፈርዖን ሻባካ ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 ዓመት ገደማ በጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀርጾታል፤ ድንጋዩ ለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። በደቡብ ድንበር፣ በኤለፋንቲን ደሴት የሚመለከው የበግ ራስ ያለው ክኑም በበኩሉ ሰውን በሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ላይ ያበጅ ነበር።

ታዲያ እውነተኛው ፈጣሪ የቱ ነው? ግብፃውያን ይህን ጥያቄ እንደ እኛ አልጠየቁትም፤ አንዱን መርጠው ሌላውን ከመጣል ይልቅ ማጣመርን መረጡ። የቴብስ ከተማ አምላክ አሙን ኃያል ሲሆን ከራ ጋር ተዋሕዶ አሙን-ራ ተባለ፤ በካርናክም ግዙፍ ቤተ መቅደስ ተሠራለት።

ይህን ልማድ በግልጽ የጣሰው አኬናተን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1350 ገደማ የነገሠው ይህ ፈርዖን አተን ለተባለችው የፀሐይ ክብ ብቻ አምልኮን ሰጠ፤ የአሙንን ስም ከየግድግዳው አስፋቀ፤ ዛሬ አማርና በሚባለው ቦታም አዲስ ዋና ከተማ ቆረቆረ። ከሞተ በኋላ ግን ቱታንካተን የተባለው ልጅ ንጉሥ ስሙን ቱታንካሙን ብሎ ለወጠ፤ ከተማዋም ተተወች። ዳግማዊ ራምሴስ የአተንን ቤተ መቅደሶች ድንጋይ ወንዙን አሻግሮ በሄርሞፖሊስ ለሌሎች አማልክት መቅደስ መሠረት አደረገው።