ሁለት ሪሞት አንድ ግቢ ውስጥ፦ ምልክታቸው ለምን አይምታታም?

እስቲ ጉለሌ ውስጥ አንድ ሰፊ ግቢ አስቡ። ሁለት ልጆች ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ በሪሞት የሚነዱ መኪኖች ይዘው ወጥተዋል። አንደኛው ወደ ፊት ሲነዳ የሌላኛዋም መኪና አብራ ትፈተለካለች። "ሪሞትህን አጥፋ!" "አንቺ አጥፊ!" ጠብ ተነሣ። ጥፋተኛ ግን የለም። መኪኖቹን ገልብጣችሁ ብታዩ ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ሆዳቸው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፦ 27 ሜጋኸርዝ።

ሪሞቱ የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 27 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። መኪናዋ ውስጥ ያለው ተቀባይ በዚያ ፍሪኩዌንሲ የመጣለትን ትእዛዝ ይፈጽማል፤ ማን እንደላከው አይጠይቅም። ሰፈር መሃል ቆሞ "አበበ!" ብሎ እንደ መጣራት ነው፤ ስንት አበበ ዞር እንደሚል ገምቱ። (ባለሱቁ አንዱን ባለ 27፣ ሌላውን ባለ 49 ሜጋኸርዝ ቢሸጥ ኖሮ ጠቡም ባልኖረ።)

የድሮው መፍትሔ ቻናል መከፋፈል ነበር። ሞዴል አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች ሪሞታቸው ውስጥ ክሪስታል የሚባል ትንሽ የኳርትዝ ቁራጭ ይሰካሉ፤ ክሪስታሉ ሞገዱን አንድ ጠባብ ቻናል ላይ ያስረዋል። ለእነዚህ አውሮፕላኖች አሜሪካ ውስጥ 72፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ውስጥ ደግሞ 35 ሜጋኸርዝ አካባቢ ተመድቦ ነበር። ማብረሪያው ሜዳ ላይ ሰሌዳ ይቆማል፤ የቻናሉን መቆንጠጫ ከሰሌዳው ያልወሰደ ሰው ሪሞቱን አያበራም። ጥሩ ሥርዓት ነው፣ አንድ የሚረሳ ሰው እስኪመጣ ድረስ። እሱ ሪሞቱን ሲያበራ በዚያው ቻናል ሰማይ ላይ ያለው የሌላ ሰው አውሮፕላን ሊከሰከስ ይችላል። ጥቂት ኪሎ የሚመዝን፣ ፕሮፔለሩ የሚሽከረከር ነገር ሰው ላይ ሲወርድ ደግሞ ጨዋታነቱ ያበቃል።

ለሳተላይት ፍሪኩዌንሲ መመደብ ዛሬም የግድ ነው። ታህሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ለመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት የምድር ጣቢያው የተተከለው ከጉለሌ ቀና ሲሉ በሚታየው እንጦጦ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ግንኙነት በዘፈቀደ ፍሪኩዌንሲ አይካሄድም። ግን ለእያንዳንዱ አሻንጉሊት የራሱን ፍሪኩዌንሲ ማን ያስመዘግባል?

ስለዚህ እ.አ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሞዴል ሪሞቶች ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ተሻገሩ። እዚያ ዋይፋይ አለ፣ ብሉቱዝ አለ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም አለ። ጫጫታ ሸሽቶ መርካቶ መግባት አይመስልም? ልዩነቱ እዚህ ቦታው ሰፊ ነው፤ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። በዚያ ላይ አነጋገሩ ተለውጧል።

መጀመሪያ ሪሞቱና ተቀባዩ ይተዋወቃሉ፤ "ባይንድ" የሚባለው ይህ ነው። ሪሞቱ መለያ ቁጥሩን ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ትእዛዝ መለያውን ይዞ ይመጣል። መለያው የሌላ ሰው ከሆነ ወይም መልእክቱ መንገድ ላይ ከተበላሸ ተቀባዩ ይጥለዋል። አሁን "የጋሽ ታደሰ ልጅ አበበ!" ብላችሁ ጠራችሁ ማለት ነው።

ጫጫታው ድምፃችሁን ቢውጠውስ? ያኔ ብዙዎቹ ሪሞቶች ይዘላሉ፦ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ ሁለቱም አስቀድመው በሚያውቁት ቅደም ተከተል ከአንድ ቻናል ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ሐሳቡ የቆየ ነው። የፊልም ተዋናይቷ ሄዲ ላማር እና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል የቶርፔዶ መቆጣጠሪያ እንዳይታወክ በ88 ፍሪኩዌንሲዎች መካከል የሚዘል ዘዴ ነድፈው እ.አ.አ. በ1942 የፈጠራ መብት አግኝተውበታል። ሰማንያ ስምንት ለምን? የፒያኖ ቁልፎች ቁጥር ነው።

መዝለል ምን ያህል እንደሚያድን እናስላ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚበር ሞዴል በሰከንድ 20 ሜትር ይሄዳል። አንድ ቻናል በዋይፋይ ተይዞ ለ10 ሚሊሰከንድ ትእዛዝ ቢያመልጠው ሞዴሉ የሚጓዘው 20 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ዝላይ ንጹሕ ቻናል ላይ ያርፋል። ሙሉ ሰከንድ ቢጠፋ ግን 20 ሜትር፤ ግድግዳ ጋ ለመድረስ ይበቃል።

2.4 ጊጋኸርዝ ድክመትም አለው። ሞገዱ 12.5 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ አንቴናው አጭር ይሆናል፣ ግን ግንብና ዝናብ ያረጠበው የባሕር ዛፍ ቅጠል በቀላሉ ያዳክሙታል። አንዳንዴ ደግሞ ረባሹ ራሷ መኪናዋ ውስጥ ነው፦ ርካሽ ሞተር ሲሽከረከር ብልጭታ ይፈጥራል፣ ብልጭታውም የሬዲዮ ጫጫታ ነው። የተበላሸች መኪና ፈትታችሁ ከሆነ ሞተሩ ላይ የተበየደች ምስር የምታህል ነገር አይታችሁ ይሆናል። ካፓሲተር ናት፤ ጫጫታውን እዚያው የምትውጠው እሷ ናት። ነቅላችሁ አትጣሏት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ምልክት ይጠፋል። ለዚያ ጊዜ ጥሩ ተቀባይ "ፌይልሴፍ" አለው፤ ትእዛዝ ሲቋረጥ በራሱ ሞተሩን ያቆማል። የእናንተ እንደሚሠራ ለማወቅ መኪናዋን ጎማዎቹ ወደ ላይ እንዲሆኑ ገልብጡ፣ በቀስታ አሽከርክሩ፣ ከዚያ ሪሞቱን አጥፉ። ጎማዎቹ ካላቆሙ መኪናዋን መሬት አታስነኳት።