ጎነ ሦስቶቹ ቢበዙም ስሌቱ ሊሳሳት ይችላል

ነሐሴ 17 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1991) ኖርዌይ ውስጥ፣ በስታቫንገር ከተማ አቅራቢያ፣ ስሌይፕነር ኤ ለተባለው የጋዝ ማውጫ መድረክ የተሠራው ግዙፍ የኮንክሪት መሠረት ለሙከራ ወደ ውኃው ዝቅ እየተደረገ ሳለ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰመጠ። የሰው ሕይወት አልጠፋም። በምርመራው እንደተረጋገጠው ለጥንካሬ የገባው ብረት በወሳኙ ቦታ በቂ ርዝመት አልነበረውም፤ ከዚህም በላይ ግድግዳው በኮምፒውተር የተሰላበት መረብ ሸካራና የተንጋደደ ነበር። በዚህ ሳቢያ አንዱን የግድግዳ ክፍል በሌላው ላይ ሊያንሸራትት የሚጥረው ኃይል ከትክክለኛው በ47 በመቶ አንሶ ተገኘ።

ለመሆኑ መረብ ስንል ምን ማለታችን ነው? የስሌይፕነር መረብ ከጠጣር ብሎኬቶች የተገነባ ነበር። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ዘመዱን፣ የገጽ መረብን ነው። መሐንዲሱ በአውሮፕላን ክንፍ ወይም በመኪና አካል ላይ ነጥቦችን ይዘራል፤ ነጥቦቹንም በቀጥታ መስመር እያገናኘ ጎባጣውን ገጽ በጠፍጣፋ ጎነ ሦስቶች ያለብሰዋል። ጎነ ሦስት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ሳይናጋ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ማናቸውም ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ይውላሉ። አራት ነጥቦች ግን ይህ ዋስትና የላቸውም።

ጎነ ሦስቶቹን እያሳነስን ብናበዛቸው ወደ ትክክለኛው ገጽ መቅረባችን የማይቀር ይመስላል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሄርማን ሽዋርዝ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ግድም ይህ ግምት ስሕተት መሆኑን አሳየ። ሬዲየሱም ቁመቱም 1 ሜትር የሆነ ሲሊንደር እንውሰድ። የጎኑ ስፋት 6.28 ካሬ ሜትር ነው። ሲሊንደሩን በአግድም 10 እኩል ቀለበቶች አድርገን እንክፈለው፤ በየድንበሩ ክብ ላይ 10 ነጥቦችን በእኩል ርቀት እናስቀምጥ፤ የእያንዳንዱ ክብ ነጥቦች ከሥሩ ባለው ክብ ነጥቦች መካከል ይዋሉ። የምናገኛቸው 200 ጎነ ሦስቶች ስፋት ሲደመር 6.88 ካሬ ሜትር ይሆናል። መልካም ነው። አሁን ቀለበቶቹን ብቻ 100 እናድርጋቸው፦ 2,000 ጎነ ሦስቶች፣ 30.87 ካሬ ሜትር! በ1,000 ቀለበቶች ደግሞ ድምሩ ከ302 ካሬ ሜትር ያልፋል።

ልብ እንበል፤ ከነጥቦቹ አንዱ እንኳ ከሲሊንደሩ ላይ አልተዛነፈም። የተበላሸው የጎነ ሦስቶቹ ቅርጽ ነው። ቀለበቶቹ ሲሳሱ ጎነ ሦስቶቹ ይቀጥናሉ፤ በ100 ቀለበቶች ትልቁ ዘዌ 162 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፈውም ወደ ውጭ በመመልከት ፈንታ ወደ ላይና ወደ ታች ያፈጥጣሉ። የነፋስ ግፊት የሚሰላው ገጹ በሚመለከትበት አቅጣጫ ነውና፣ እንዲህ ያለው መረብ የሚሰጠው መልስ ከእውነቱ የራቀ ነው።

ታዲያ መረብ እንዴት ይታረማል? በምሳሌያችን ቀለበቶቹ ሲበዙ በየክቡ ያሉት ነጥቦችም አብረው ሊበዙ ይገባል። ሌላው መንገድ ሩሲያዊው ቦሪስ ደሎኔ እ.ኤ.አ. በ1934 ካቀረበው መመዘኛ የመነጨ ነው፦ በጎነ ሦስቱ ሦስት ማዕዘኖች የሚያልፈው ክብ ሌላ ነጥብ በውስጡ መያዝ የለበትም። ከያዘ፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች የሚጋሩት ጎን ይፋቅና በሌላው ሰያፍ ይተካል። በጠለል ላይ ይህ ለውጥ ከዘዌዎቹ ትንሹን ከፍ ያደርገዋል፤ በጎባጣ ገጽ ላይ ግን አዲሱ ጎን ከገጹ እንዳልራቀ አስቀድሞ መመርመር ያሻል።

ሦስተኛው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ጎረቤቶቹ አማካይ ቦታ ማንቀሳቀስ። ቀላልነቱ ግን ያታልላል፤ የሲሊንደር ነጥቦች አማካይ በሲሊንደሩ ውስጥ ስለሚውል መረቡ በየዙሩ እየከሳ ይሄዳል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ነጥቡን ካንቀሳቀሰ በኋላ መልሶ ከገጹ ላይ ያሳርፈዋል፤ ዘዌዎቹን ይለካል፤ ቀጫጮች ከቀሩም እንደገና ይጀምራል።