የመኪናው ባትሪ ከጨው ሜዳ እስከ ቆራሌው

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ጭስ የለውም። የሊቲየም-አዮን ባትሪው በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ያለው ግን መንገድ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው።

ከታወቁት የሊቲየም ምንጮች አንዱ የሰሜን ቺሊው አታካማ በረሃ ነው። ከጨው ሜዳው ሥር ጨዋማ ውሃ በፓምፕ ተስቦ በሰፋፊ ገንዳዎች እንደ እህል ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከገንዳ ወደ ገንዳ ሲዘዋወር ሌሎቹ ጨዎች ከሥር እየዘቀጡ ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ከመቶ 0.2 እንኳ የማይሞላው ሊቲየም ከዓመት በላይ ቆይቶ 6 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። የተነነው ውሃ ግን አይመለስም፤ ያውም ዝናብ በማያውቅ፣ ፍላሚንጎዎች ከጨው ሐይቆች በሚመገቡበት ምድር።

በብዙ የሊቲየም ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው ኮባልት ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው። በአገሪቱ የማዕድን ከተማ በኮልዌዚ ዙሪያ በእጃቸው የሚቆፍሩ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ አቧራውን ያለ መከላከያ ይተነፍሳሉ። ይህን ሳያስቡ መኪናውን ንጹሕ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ፋብሪካውም ብዙ ኃይል ስለሚበላ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሥራ የሚጀምረው ከነዳጁ መኪና የበለጠ የካርቦን ዕዳ ተሸክሞ ነው። ዕዳው የድንጋይ ከሰል በሚነድበት አገር ቀስ ብሎ፣ መብራቱ ከሞላ ጎደል ከግድብ በሚመጣበት እንደ እኛ ባለው አገር ደግሞ ቶሎ ይከፈላል።

ባትሪው ለመኪና ሲደክም የፀሐይ ኃይል ማጠራቀሚያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ከዚያ በኋላስ? የአሲድ ባትሪን እርሳሱ ዋጋ ስላለው ቆራሌው ይገዛዋል። ሊቲየሙ ግን በመዶሻ የሚከፈት ዕቃ አይደለም፤ ከተበሳ ራሱን በራሱ እያጋለ ይቀጣጠላል፣ መርዛማ ጋዝም ይወጣዋል። በደንብ በተደራጀ ፋብሪካ መጀመሪያ ቻርጁ እንዲያልቅ ይደረጋል፤ ከዚያ ኦክስጅን በሌለበት ይፈጫል፤ የሚገኘው ጥቁር ዱቄት በአሲድ ተሟሙቶ ብረታ ብረቱ ይለያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ እስከ እ.ኤ.አ. 2031 መጨረሻ ከአሮጌ ባትሪ 80 ከመቶው ሊቲየም እንዲመለስ ያዛል።

ብዙዎቹ የቻይና መኪኖች የሚይዙት የብረት ፎስፌት ባትሪ ኮባልትም ኒኬልም የለውም። ለኮልዌዚ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን ውድ ብረት ስለሌለው መልሶ ለሚጠቀም ፋብሪካ ብዙም አያዋጣም። ስለዚህ ተጥሎ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። መልሶ የመጠቀሙ ወጪ መኪናው ሲገባ ከአስመጪው ካልተያዘ፣ በኋላ የሚከፍለው ሰው አይገኝም።