ስለ አሮጌ ኮምፒዩተሮችና ስለሚስማማቸው ኦፕሬቲንግ ሲስተም

ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃበርን እያለፈ ወደ ስሜን ተራሮች የሚዘልቀውን መንገድ ተከትሎ አምባራስ የደረሰ ሰው፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን እንዳለፈ በገዛ ትንፋሹ ያውቀዋል፤ ይህ የአየር መሳሳት በኮምፒዩተርም ላይ እንደሚፈርድ ግን የሚያስበው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ጽሑፍንና ሥዕልን የሚያከማቹበት ሃርድ ዲስክ በውስጡ ያለማቋረጥ የሚሽከረከር ሳሕን አለው፤ የሚያነበውና የሚጽፈው ራስም ሳሕኑን ሳይነካ፣ ዓይን በማያየው ስስ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ የሚሠራ ነውና፣ አየሩ ከመጠን በላይ በሳሳ ጊዜ ራሱ ወደ ሳሕኑ ይቀርባል፤ የነካውም ስፍራ ይቧጠጣል፣ በዚያ የተጻፈውም ይጠፋል። ስለዚህም ሠሪዎቹ ለአብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች የሥራ ወሰን አድርገው ያስቀመጡት 10,000 ጫማ፣ ይኸውም 3,048 ሜትር ነው። የዳባትና የደባርቅ ከተሞች ከዚህ ወሰን በታች ሲሆኑ፣ አምባራስና ከእርሱ በላይ ያሉት መንደሮች ወሰኑን አልፈዋል። ለአሮጌ ኮምፒዩተር የትኛው ቀላል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሻላል ተብሎ በዚህ አገር ሲጠየቅ፣ መልሱ ከፍታውን፣ ድንገት የሚጠፋውን መብራት፣ የኢንተርኔቱን መድከምና የፊደላችንን ነገር ሁሉ ማሰብ ይገባዋል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ሥራ፣ በደብር ውስጥ መጋቢ ካለው ሥራ ብዙ አይርቅም፤ መጋቢው እህሉንና ዕጣኑን ለየአገልጋዩ እንደሚያድል፣ እርሱም የማሽኑን ጉልበት፣ ራም የሚባለውን የጊዜያዊ ማስታወሻ ቦታና የዲስኩን ስፍራ ለየፕሮግራሙ ያድላልና። ክፋቱ የዛሬው መጋቢ ራሱ ትልቅ በላተኛ መሆኑ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ገና ሥራ ሳይጀምር ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም የሚባለውን የጥበቃ ቺፕ ይጠይቃል። የቀደሙትም አንድ በአንድ ጠባቂ አጥተዋል፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧልና፣ አካሉ ጤነኛ የሆነ ማሽን ሁሉ በአንድ ቀን አዋጅ ሙት ሊባል ምንም አልቀረውም።

ከዚህ አዋጅ መውጫውን የከፈተው፣ ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ወር፣ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመዝናኛ ያህል የጀመረው ሥራ ነው። ሊኑክስ የሚባለው ይህ ሥራ ምሥጢሩ ለሁሉ የተገለጠ፣ ማንም ሊገለብጠውና ሊያሻሽለው የተፈቀደለት በመሆኑ፣ ከእርሱ ብዙ ሥርዓቶች ተወልደዋል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በተለይ ለአሮጌ ማሽን የታሰቡ ናቸው። መቀመጫውን በደብሊን ያደረገው ካማራ የተባለው የትምህርት ድርጅት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን እያደሰ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ማቅረቡም፣ አሮጌ ኮምፒዩተር በአገራችን ታድሶ ሲያገለግል የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያሳያል።

መራጩ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የማሽኑ ፕሮሰሰር 32 ቢት ነው ወይስ 64 ቢት የሚለውን ነው፤ ይህን ሳያውቁ መምረጥ ድካም ብቻ ነው። ለብዙ ቀላል ሥርዓቶች መሠረት የሆነው ዴብያን በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ያወጣው 13ኛ እትም ለ32 ቢት ማሽን ማስጫኛ የለውም፤ ፋየርፎክስ የተባለው ብራውዘር ሠሪዎችም በ2018 ዓ.ም. ለ32 ቢት ሊኑክስ አዳዲስ እትሞችን ማውጣት አቁመዋል። እንግዲህ የ32 ቢት ማሽን ያለው ሰው ለጽሕፈት፣ ለሒሳብና ለንባብ እንጂ ለባንክና ለምሥጢር ነገር ባይጠቀምበት ይመከራል።

ማሽኑ 64 ቢት ሆኖ 2 ጊጋባይት ራም ካለው፣ ብዙ መመራመር ሳያስፈልግ ዴብያንን ኤልኤክስኪውቲ ከተባለው ቀላል ገጽታ ጋር መጫን ይበቃል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ አንቲኤክስ ይሻላል፤ ይህ ከዴብያን የተወለደ ሥርዓት 256 ሜጋባይት ራም ባለው በፔንቲየም 3 ዘመን ማሽን ላይ እንኳ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነው። ታይኒ ኮር የተባለው ከሁሉም ያንሳል፣ መጠኑ 30 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ አንድ በአንድ ከኢንተርኔት አውርዶ መጨመር ግድ ስለሆነ፣ መረቡ በሚደክምበት አገር ትንሽነቱ ለባለቤቱ ብዙም አይጠቅመውም። በእንዲህ ያለ ትንሽነት መመካት ለሚያውቁት መጫወቻ ነው እላለሁ።

ወደ ተራራው ስንመለስ ግን ነገሩ ይለወጣል። አውስትራሊያዊው ባሪ ካውለር በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፓፒ ሊኑክስ ከፍላሽ ተነሥቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ራም የሚገባ፣ ከዚያም በኋላ ሃርድ ዲስክን ሳይነካ የሚሠራ ነውና፣ ዲስኩ በከፍታው ለተበላሸበት ወይም እንዳይበላሽበት ለሚሠጋ የአምባራስ ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ዲስኩን ከነጭራሹ ነቅሎ ማስቀመጥም ይቻላል። ጉዳቱ ደግሞ አለ፤ በራም ውስጥ ያለው ሁሉ መብራት በሄደ ቅጽበት የሚጠፋ ስለሆነ፣ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ወይም በዴስክቶፕ ላይ የሚጽፍ ሰው ሥራውን በየጥቂት ደቂቃው ወደ ፍላሹ ካላስቀመጠ ግማሽ ቀን የለፋበትን ያጣል። ገንዘብ ያለው ሰው አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ ኤስኤስዲ ቢያስገባ ይመረጣል፤ በዚህ ውስጥ የሚሽከረከርም የሚንሳፈፍም ነገር የለምና ከፍታው አያስፈራውም፣ ማሽኑም ወዲያው ይፈጥናል። አየሩ ሲሳሳ ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉም ስለሚደክም፣ የማቀዝቀዣውን ፋን ከአቧራ ማጽዳት እንዳይረሳ።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላው ነገር፣ ማሽኑን የሚያስጨንቀው በአብዛኛው ሥርዓቱ ሳይሆን ብራውዘሩ መሆኑ ነው። 1 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን በአንቲኤክስ ላይ ሊብሬኦፊስ የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም ከፍቶ ደብዳቤ ሲያጽፍ ይውላል፤ ሥዕልና ቪዲዮ የሞላባቸውን ሁለት ሦስት የፌስቡክ ገጾች ሲከፍቱበት ግን ይቆማል። ለትምህርት ቤት ከሆነ፣ ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም የአማርኛውን ዊኪፒዲያ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባልና፣ ጎንደር ወይም ደባርቅ ላይ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ወደ ተራራው መውሰድ ይቻላል።

ፊደላችንን በተመለከተ ስጋቱ ቀሏል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ወደሆነው ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ፣ አቢሲኒካ የተባለው ነፃ ቅርጸ ፊደል በሊኑክስ ላይ በደኅና ይነበባል፤ አይባስ የተባለው የጽሕፈት መሣሪያም በላቲን ድምፅ እየተጻፈ ወደ ግዕዝ ፊደል ይለውጣል። የሚያስቸግሩት ከዩኒኮድ በፊት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉት አሮጌ ሰነዶች ናቸው፤ የዚያ ዘመን ፊደሎች የግዕዙን ቅርጽ በላቲኑ ቦታ ላይ ያስቀመጡ ስለነበሩ፣ ያ ቅርጸ ፊደል በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ይሆናሉ። የቀበሌ፣ የደብርና የትምህርት ቤት ጸሐፊዎች ዓመታት ያከማቹት መዝገብ እንዲህ ያለ ከሆነ፣ ዊንዶውሱን ከመደምሰሳቸው በፊት ቅርጸ ፊደሎቹን ቀድተው ያስቀምጡ፣ ዋና ዋናዎቹንም ሰነዶች ወደ ፒዲኤፍ ለውጠው ይያዙ።

እንግዲህ አሮጌ ኮምፒዩተር በመጋዘን ያስቀመጣችሁ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንና የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች፣ ከመጣላችሁ በፊት አንቲኤክስን ወይም ፓፒን በፍላሽ ጽፋችሁ ምንም ሳትጭኑ ከፍላሹ አስነሡት፤ ስክሪኑን፣ ዋይፋዩን፣ ፕሪንተሩንና የአማርኛውን ጽሕፈት ፈትኑ፤ አራቱም ከሠሩ ጫኑት፣ ካልሠሩ ፍላሹን ነቅላችሁ ሌላውን ሞክሩ፤ በዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ እንዳለ ይቆያችኋል።