ነጭ ሽንኩርት መጀመሪያ ሥር ይሰዳል

ወለቃ ከጎንደር ከተማ ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የታወቀችው በሸክላ ሥራ ነው። ሸክላ ሠሪዋ እንስራው በደንብ ሳይደርቅ እሳት ውስጥ አታስገባውም። ብታስገባው ይፈነዳባታል። ነጭ ሽንኩርት ለምንተክል ገበሬዎችም እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያስፈልገናል።

በደጋው አገራችን ነጭ ሽንኩርት ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ይተከላል። ከተከልን ሳምንት ያልፋል። መደቡ ግን ገና ባዶ ነው። ያን ጊዜ እንጠራጠራለን፤ «ዘሩ ሞቷል» እንላለን። አንዳንዶቻችን እየቆፈርን እናያለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ መደቡን ገልብጠን ሌላ እህል እንዘራበታለን። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። የነጭ ሽንኩርት ዘሩ ራሱ ፍልቃቂው ነው። ብንሸጠው ገንዘብ፣ ብንበላው ወጥ ይሆን ነበር።

ለመሆኑ አፈር ውስጥ ምን እየተሠራ ነው? ፍልቃቂው በመጀመሪያ ወደ ታች ሥር ይሰዳል። ቅጠሉን ወደ ላይ የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያው የሚኖረው በውስጡ ባለው ስንቅ ነው። ቆፍረን ካነሳነው ቀጭኑ ሥር ይበጠሳል። መልሰን ብንቀብረው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸ ነው።

የሚዘገይበትም ምክንያት አለው፦

1. በቅርቡ የተነቀለ ነጭ ሽንኩርት ለጥቂት ወራት ያንቀላፋል፤ ቶሎ አይበቅልም።
2. ትንሽ ፍልቃቂ ስንቁም ትንሽ ነው። ለዘር ትልልቁን እንምረጥ።
3. ተገልብጦ የተተከለ ይቸገራል። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች ይሁን።
4. በጣም የተቀበረ ይዘገያል። ሁለት ጣት ያህል አፈር ይበቃዋል።

ሦስት ሳምንት አልፎ ምንም ካልታየ፣ ከመደቡ ዳር ሁለት ወይም ሦስት ብቻ በቀስታ እንክፈት። ፍልቃቂው ጠንካራና ነጭ ሥር ያለው ከሆነ ሕይወት አለው። አፈሩን መልሰን እንጠብቅ። ለስላሳና የሚሸት ከሆነ በስብሷል፤ ውኃው የሚወርድበት ቦይ እናውጣ። ነጭ ሻጋታና ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ፍሬዎች ካየንበት ግን ነገሩ ከባድ ነው። ይህ በሽታ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። የታመመውን ነቅለን እናቃጥል። በዚያ መሬት ላይ ሽንኩርት አንትከል። ለግብርና ባለሙያው ወዲያው እንንገር።

ነጭ ሽንኩርት ለመድረስ ከአራት እስከ አምስት ወር ይፈልጋል። ሦስት ሳምንት መጠበቅ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ አይደለም። መጠበቅ ማለትም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ቦይ እየጠረግን፣ አረሙን በእጃችን እየነቀልን እንጠብቅ።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት ከቅጠሉ በፊት ምን ያወጣል? መደቡን ከመገልበጣችን በፊት ምን ማየት አለብን?