የዝንጅብል ኃይል በቤተ ሙከራ እንዴት ይለካል?

አሶሳ፦ የኩርሙክ ከተማ በሱዳን ድንበር ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ከድንበሩ ማዶም በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ ከተማ አለች። በሱዳናውያን ዘንድ ቡና ከተወቀጠ ዝንጅብል ጋር በጀበና ማፍላት የቆየ ልማድ ነው። ዝንጅብል ገዥው ምርቱን በምላሱ ይመዝናል፤ ካቃጠለው ጥሩ ነው ይላል። ለምርቱ ደረጃ ለሚያወጡ፣ ለሚቆጣጠሩና የውል ሰነድ ለሚያዘጋጁ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ምላስ በቂ ምስክር አይሆንም።

በዝንጅብል ውስጥ ሁለት ዓይነት ተፈላጊ ውህዶች ይገኛሉ። ሽታውን የሚሰጠው ተናኝ ዘይት ሲሆን፣ በደረቅ ዝንጅብል ውስጥ መጠኑ በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 በመቶ ይደርሳል፤ በዘይቱ ውስጥ ጎልቶ የሚገኘውም ዚንጂቤሪን የተባለው ውህድ ነው። የማቃጠል ጠባዩ የሚመጣው ደግሞ በቀላሉ ከማይተኑት ጂንጀሮሎች ነው። ጂንጀሮልን እ.አ.አ. በ1879 ለይቶ ያወጣው እንግሊዛዊው ፋርማሲስት ጆን ትሬሽ ነበር። በእርጥቡ ዝንጅብል ውስጥ በብዛት የሚገኘው 6-ጂንጀሮል ሲደርቅ ወይም ሲሞቅ አንድ የውኃ ሞለኪውል አጥቶ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል። የዚህ ውህድ ስም የተገኘው ዝንጅብል በጃፓንኛ ከሚጠራበት "ሾጋ" ከሚለው ቃል ነው። ሾጋኦል ከጂንጀሮል ይበልጥ ያቃጥላል። ደረቅ ዝንጅብል ከእርጥቡ የሚበረታው እርጥበቱ ስለቀነሰ ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ሲቀቀል ወይም ሲጠበስ ደግሞ ከፊሉ ጂንጀሮል ለስለስ ያለ ጣዕም ወዳለው ዚንጀሮን ይለወጣል።

የምርመራው ሥራ የሚጀምረው እርጥበትን በመለካት ነው። የእህል እርጥበት ናሙናውን በምድጃ በማድረቅ ይለካል። ዝንጅብል በዚሁ መንገድ ቢመረመር ግን ተናኝ ዘይቱም አብሮ ስለሚጠፋ፣ የጠፋው ዘይት እንደ ውኃ ይቆጠራል። በመሆኑም ናሙናው ቶሉዊን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ተፈልቶ የወጣው ውኃ ለብቻው ይለካል። ተናኝ ዘይቱ በውኃ እንፋሎት ተጣርቶ ይሰበሰባል። የሚያቃጥሉት ውህዶች ደግሞ በአልኮል ወይም በአሴቶን ሟሙተው ከወጡ በኋላ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ እያንዳንዳቸው ተለይተው መጠናቸው ይታወቃል።

ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ የተመረጠበት ምክንያት አለው። ተናኝ ዘይቶችን ለመለየት የሚያገለግለው የጋዝ ክሮማቶግራፊ ናሙናውን በከፍተኛ ሙቀት ስለሚያተን ጂንጀሮሉ በመሣሪያው ውስጥ እያለ ይፈርሳል። በውጤቱ ላይ የሚታየው ሾጋኦል ከምርቱ የመጣ ይሁን መሣሪያው ራሱ የፈጠረው ለመለየት ያስቸግራል። ስለሆነም የምርመራ ውጤት የሚቀበል መሥሪያ ቤት ከቁጥሩ ጎን በየትኛው ዘዴ እንደተለካ የሚገልጸውን መስመር አስቀድሞ ማንበብ ይኖርበታል።

ምርመራው ማጭበርበርንም ያጋልጣል። ዘይቱና የሚያቃጥለው ክፍል አስቀድሞ የወጣለት ዝንጅብል ተፈጭቶ ሲቀርብ በዓይን ከደህናው አይለይም። የጎደለውን ኃይል በበርበሬ ለመሸፈን የተሞከረበት ጊዜም አለ። ያቃጥላልና ምላስ ይሳሳታል፤ የበርበሬው ካፕሳይሲን ግን በመሣሪያው ላይ ለብቻው ይታያል።

የምርቱ ጥራት የሚወሰነው ናሙናው ቤተ ሙከራ ከመድረሱ በፊት በአደራረቁ ነው። የዘይት ከረጢቶቹ ከቅርፊቱ ሥር ተጠግተው ስለሚገኙ ጠልቆ የተላጠ ዝንጅብል ሽታውን ያጣል። የዓለም አቀፉ ደረጃዎች ድርጅት የደረቅ ዝንጅብል እርጥበት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሻጋታ ይከተላል። ሰብሉ ረጅም የእርጥበት ወቅት ስለሚፈልግ የኩርሙክ ቆላ ያለ መስኖ አይመቸውም። በአሶሳ አካባቢ ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በግንቦት የሚተከል ዝንጅብል ለመድረስ ከስምንት እስከ አሥር ወራት ስለሚፈጅበት ምርቱ የሚሰበሰበው በበጋ ነው። ይህም ለፀሐይ ማድረቅ ምቹ ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ የኬሚካል ምርመራ የማያሳየው አንድ ነገር አለ። የአገሪቱ ዝንጅብል ለረጅም ጊዜ በዋነኛነት ይመረት የነበረው በወላይታ፣ በከምባታ ጠምባሮና በዳውሮ አካባቢዎች ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. ራልስቶኒያ ሶላናሴረም በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣው የአጠውልግ በሽታ በማሳዎቹ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ባክቴሪያው ጤነኛ በሚመስል የዝንጅብል ዘር ውስጥ ተደብቆ ከቦታ ወደ ቦታ ይጓዛል፤ በአፈር ውስጥም ይቆያል። ለቡና ማፍያ በጆንያ የመጣ ዝንጅብል በ6-ጂንጀሮል መጠኑ እጅግ የተመሰገነ ሊሆን ይችላል። ያው ጆንያ ተከፍቶ ለዘር ሲከፋፈል ግን የሚያስፈልገው ወረቀት የኬሚስቱ ሳይሆን የዕፅዋት ጤና ባለሙያው ነው።