አስተማሪውና የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት



ትምህርት ቤት ሲባል በቅድሚያ በዓይነ ሕሊናችን የሚታየን ጠመኔ ይዞ በሰሌዳ ፊት የቆመው አስተማሪ ነው። በመዛግብት መካከል የተቀመጠውን ጸሐፊ፤ ገንዘብ ያዡንና የዕቃ ግምጃ ቤቱን ኃላፊ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው አስተማሪዎች የእነዚህን ሠራተኞች ሥራ በምን ዓይን እንደሚመለከቱት ነው።

ከአስተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ ነው። ጠመኔ ለመውሰድ ቅጽ መሙላት፤ የተማሪ ውጤት ለማረም ማመልከቻ መጻፍ፤ ፊርማ ለማግኘት ደጅ መጥናት ያሰለቻቸዋል። ስለዚህም ጽሕፈት ቤቱ ከትምህርቱ ይልቅ ለወረቀቱ የቆመ ይመስላቸዋል። ቅሬታው ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም፤ ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» እያለ የሚያመላልስ ሠራተኛ መኖሩ የታወቀ ነውና።

ዳሩ ግን የመዝገብ ሥራ በደኅና ሲከናወን ለማንም አይታይም፤ የሚታየው ሲሳሳት ብቻ ነው። ለምሳሌ የተማሪውን ስም እንመልከት። ፀሐይ የሚለው ስም በጸሎቱ ጸም፤ በፀሐዩ ፀም ቢጻፍ በአማርኛ ንባቡ አንድ ነው። በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ግን አንዱ ጸሐፊ በአንድ ዓይነት፤ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። የፈተናው ምስክር ወረቀትና የትምህርት ቤቱ ማስረጃ ሳይስማሙ ሲቀሩ ልጁ እርሱ ራሱ መሆኑን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል።

የልደት ዘመንም እንደዚሁ ነው። በ1990 ዓ.ም. በኅዳር የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1997፤ በዚያው ዓመት በየካቲት የተወለደው ግን የ1998 ነው። ለሁሉም አንድ ቁጥር የሚደምር ጸሐፊ የአንዱን ዕድሜ ያዛባል። ይህን የሚጠነቀቅ ሠራተኛ፤ አስተማሪው በክፍል ውስጥ የደከመበትን ልጅ መንገድ ይጠብቃል ማለት ነው።

ደግሞም የመዝገቡ ምንጭ አስተማሪው ራሱ ነው። ሮስተሩን ቀኑ ካለፈ በኋላ፤ ያውም ተሠርዞና ተደልዞ ቢያስረክብ፤ ጸሐፊው በጥድፊያ ሲገለብጥ ይሳሳታል። ወቀሳው ግን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ይሄዳል። ይህን የተገነዘቡ አስተዋይ አስተማሪዎች ውጤታቸውን በጊዜው አጥርተው ይሰጣሉ፤ ሠራተኛውንም እንደ ሥራ ባልደረባ እንጂ እንደ ተላላኪ አይቈጥሩትም።

በአገራችን ዘመናዊው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ መጻሕፍቱም ሥርዓተ ትምህርቱም ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የክፍሎቹን ደረጃ ሳይቀር ለውጦታል። ሆኖም ከዚያ በፊት የተማረ ሰው ዛሬ ማስረጃ ቢጠይቅ፤ ያስተማሩት ጡረታ ወጥተው ወይም አርፈው ይሆናል፤ የሚመሰክርለት በጥንቃቄ የተያዘው መዝገብ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው ከእያንዳንዱ ወረቀት በስተኋላ አንድ ልጅ መኖሩን አይርሳ፤ አስተማሪውም ትጋቱ ፍሬ የሚያፈራው በዚያ መዝገብ በኩል መሆኑን ይወቅ። በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ የምንይዝና የምናስይዝ ሁሉ ይህ ምክር ለእኛም ነው።